በስንዝር ያጠረው ሰሌዳ

በጨረቃ ከተማ ግድግዳ መቀየር ጫማ ከማሰፋት አይከብድም። ግድግዳው ሁሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ሲሰበር «አቅላጩ» የተባለው ማሽን የጨረቃን አፈር አቅልጦ ልክኩን ይሠራል። ልክክ ማለት ሁለቱን ቢያነባብሯቸው አንዱ ከሌላው የማይተርፍ፣ የማያንስ ማለት ነው።

ዛሬ ግን ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ከዘርፌ ክፍል ግድግዳ አንዱን ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ ነቀለው፤ የአቅላጩንም የርዝመት መለኪያ አበላሸው። በሩ አየር እንዳያመልጥ ራሱን ቆልፏል። ዘርፌን ከሞት የለያት ቀዳዳውን የሸፈነው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው፤ እሱም ሊፈነዳ ተወጥሯል፣ በጠርዙም አየር ያመልጣል።

የግድግዳ ጠጋኟ ስንዱ የዘርፌ መንታ እህት ናት። የሰውን አካል የሚያጠና ተቋም ሕፃናት ሳሉ ዘርፌን ወደ ጨረቃ ወሰደ፣ ስንዱን ምድር ላይ ተወ። ለሳይንስ ሲባል፣ አሉ። ከአንድ ማህፀን የወጡ ልጆች እንደ ዕቃ ተከፋፈሉ! ስንዱ ሙያውን የተማረችው እህቷን ብላ ነው። ጨረቃ ላይ ከመጣችም በኋላ ጥናቱ እስኪያልቅ እንዳይተያዩ ተከልክለው የሚያወሩት በድምፅ ብቻ ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግባታል።

«ሦስቱም ማዕዘን ከተነቀለው ጋር እኩል ነው፤ ይለጠፍ» አለ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ጌጡ፣ ከአቅላጩ የወጣውን ሰሌዳ እያየ።

«ማዕዘኑ እኩል የሆነ ሰሌዳ እኮ የመዳፌን ያህልም፣ የሜዳ ያህልም ይሆናል! የአንድ ጎን ርዝመት እፈልጋለሁ። አንድ ጎንና ማዕዘኖቹ ካሉኝ ሌላው ራሱ ይመጣል።» ስንዱ ወደ ሬዲዮው ዞረች። «ዘርፍዬ፣ በቀዳዳው የታችኛው ጎን ልክ ተኝተሽ እጅሽን ከራስሽ በላይ ዘርጊ።»

«ከተረከዜ እስከ ጣቴ ጫፍ ልክክ ነው፣ እህቴ። ቶሎ በይ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው።»

መንታ አይደሉ? ስንዱ አቅላጩ ጠረጴዛ ላይ ተንጋላ እጇን ዘረጋች፤ ከተረከዟ እስከ ጣቷ ጫፍ ምልክት አድርጋ ያንን ርዝመት ለማሽኑ ሰጠችው። ጌጡ አጠገቧ ቆሞ አየ።

ሰሌዳው በውጭው የብረት ክንድ ተወስዶ ቀዳዳው ላይ ተቀመጠ። በስንዝር አጠረ።

«እንዴት ያጥራል? መንታዬ ናት እኮ!»

ጌጡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጨረቃ ላይ ያደገ ሰው ይረዝማል። ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ በየዓመቱ እንለካታለን።»

«ልኳን ያውቁታል?»

«የጥናቱ ምስጢር ነው። አንዳችሁ ስለሌላችሁ ካወቃችሁ ጥናቱ ይበላሻል።»

«ስተኛ እያየህ ዝም አልክ?» አንቱታው ከአፏ ጠፋ። ኮሌታውን ይዛ ከግድግዳው አጋጨችው። «እህቴ አየር አጥታ እየሞተች አንተ ቁጥር ትደብቃለህ? ተናገር!»

ተናገረ። ስንዱ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አመልክታ ያሠራችው ሰሌዳ ልክክ ብሎ ገጠመ፤ አየር ሞላ፤ ስንዱ ሮጣ ስትደርስ በሩ ተከፈተ።

ዘርፌ ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። ፊቷ የስንዱ ፊት ነው፤ ቁመቷ ግን አይደለም። ስንዱ ስታቅፋት ግንባሯ ከእህቷ አገጭ ሥር ገባ። ሁለቱም ተንሰቀሰቁ፤ የስንዱ ንዴት ግን ገና አልበረደም።

ከኋላቸው ኮቴ ተሰማ። ጌጡ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ የቁመት መለኪያውን ይዞ መጥቷል።

«እንግዲህ ከተያያችሁ አይቀር» አለ በትሕትና፣ «ጀርባ ለጀርባ ቁሙልኝ። አንዴ ብቻ።»