ዘግይቶ የመለሰው ከበሮ

«ታዲያ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ዙሌይካ ጓደኛዋን ኔሬይዳን ይህን የጠየቀቻት ከበሮዎቹን ከቤት አውጥተው ወደ ማንጎው ጥላ ተሸክመው ሲወስዱ ነበር። ኔሬይዳ ከበሮው የከበዳት አስመስላ ቆም ብላ አያያዟን አስተካከለች።

አውሎ ነፋሱ የደሴት ከተማቸውን ሎይሳን ከመታ ወዲህ የነኔሬይዳ ቤት ግድግዳ ሻግቷል። የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ሆሱዌ ሌሊት ሌሊት ደረቱ ሲያፏጭ ያድራል። እናታቸው ኢቬሊሴ ፍሎሪዳ ወዳለችው እህቷ ልትወስደው ቆርጣለች፤ እዚያ የማታ ሥራ ተገኝቶላታል። «እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ትንፋሽ ቢያጥረውስ? ማን ነው አጠገቡ የሚኖረው?» ትላለች ዕቃ እያጠበች፣ ልብስ እያጠፈች። ከዚያ ይጸጽታትና፣ «አስራ አምስት ዓመትሽ ነው፤ አላስገድድሽም» ትላለች። ይህ ከማስገደድ የባሰ ነበር።

የኔሬይዳ አያት ዶን ኤላዲዮ ደግሞ ፍሎሪዳን በስሟም አይጠሯትም። ቦምባ የሚባለው የአገሩ የከበሮ ጭፈራ ያለ ሁለት ከበሮ አይሆንም። ያዡ ከበሮ አንድ ምት ሳይለውጥ ይዞ ይቆያል፤ መላሹ የጨፋሪዋን እርምጃ እየተከተለ ይመልስላታል። መላሹ የሳቸው ነው። ያዡን ይመታ የነበረው አጎቷ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ አገር ለቆ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የምትመታው ኔሬይዳ ናት።

ማንጎው ሥር ዙሌይካ ስልኳ ላይ ሬጌቶን የሚባለውን የወጣቶች ሙዚቃ ከፈተች። «ዶን ኤላዲዮ፣ ይሄንንስ ይወዱታል?»

ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ። «የልጅ ልጄ ነው። ሰላምታ የማይሰጥ።»

«ሳልሳስ?»

«እሱም ዘመድ ነው፤ ከተማ ገብቶ ጫማ የገዛ። ጊታሩ ከስፔን በመርከብ መጣ። እየተፋቀ የሚዜምበት ቅል ከስፔኖቹ በፊት እዚሁ የነበሩት ሰዎች መሣሪያ ነው። ይሄ ደግሞ» አሉ የከበሮውን በርሜል መታ አድርገው፣ «በሰንሰለት የመጡት የኛ ሰዎች፣ የጌቶቻቸውን የአረቄ በርሜል የፍየል ቆዳ አልብሰው የሠሩት። ሦስቱ ተጋብተው ስንቱን ወለዱ። በይ አሁን አጥፊልኝ።»

ድሮ ቦምባ ሲመታ ሰው መንገዱን ይሞላው ነበር። ዛሬ የመጡት ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም ወንበራቸውን ይዘው የመጡ አሮጊቶች።

«ዛሬ አንቺ ጨፍሪ» አሏት አያቷ። «ያዡን ለዚች ስጫት።»

«ትጣደፋለች እኮ፣ አባባ።»

«ሰምቼሻለሁ» አለች ዙሌይካ።

ኔሬይዳ ቀሚሷን ያዘችና ለመላሹ ከበሮ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። የተመታው ዩባ ነበር፤ ከቦምባ ምቶች ሐዘን የሚበዛበት። ቀሚሷን ወደ ግራ ወረወረች። የአያቷ ምት መጣ። ትከሻዋን ሰበቀች። መጣ፤ ግን ዘግይቶ። እግሯን መታች። እርምጃው ካለፈ በኋላ ከበሮው ከኋላ ደረሰ።

መላሽ ሲዘገይ ዝም አይባልም። ዙሪያውን የቆመው ሰው ያጉረመርማል፤ ሁለተኛም እዚያ ከበሮ ላይ አያስቀምጠውም። ኔሬይዳ ቀና ብላ አያቷን አየቻቸው። ጣቶቻቸው አብጠዋል። ዓይናቸው ግን ከእግሯ አልተነቀለም።

እርምጃዋን ቀነሰች። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ምቱ የሚደርስበትን እየገመተች ቀስ ብላ አወረደችው። አንዲት አሮጊት፣ «እንደ ድሮ ሰዎች ጨፈረች» ስትል ሰማች። እጅ ነስታ ስትጨርስ አንገቷ ላይ ያለው ላብ ቀዝቅዞ ነበር። ቁርጥ አድርጋ አሰበች፤ እንዲህ ሆነው ጥያቸው አልሄድም።

ሰው ሲበተን ከበሮውን ልታነሳ መጣች። አያቷ እጃቸውን ከቆዳው ላይ አላነሱም።

«ጠበቅሽኝ» አሉ።

«አልጠበቅኩም።»

«ሃምሳ ዓመት እግር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አትዋሺኝ።»

አቀረቀረች።

«ጨፋሪ ትመራለች፣ ከበሮ ይከተላል። ሰው ፊት አላዋረድሽኝም፤ ተባረኪ። ግን ደግመሽ እንዳትጠብቂኝ።»

«ታዲያ ማን ያግዝዎታል?»

«እሱን እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን። ሆሱዌ ሌሊት ሲያፍነው ማንን ነው የሚጠራው?»

«እኔን» አለች ኔሬይዳ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ከከበሮው አነሱላት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ዙሌይካን ያዡ ላይ አስቀመጠቻት።

«አትጣደፊ።»

«የት ተጣደፍኩ?»

«ተጣድፈሻል። እሳቸው ሲዘገዩ አንቺ አትሩጪ። ባለሽበት ያዢላቸው።»

ዙሌይካ ልትቀልድ አፏን ከፈተች። የኔሬይዳን ፊት አየችና ተወችው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ኢቬሊሴ፣ ሆሱዌና ኔሬይዳ ሄዱ። ዶን ኤላዲዮና ዙሌይካ ቀሩ።