ባዶ ያልነበረው ማሽን

ሽማግሌው የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ ነርሶቹ ከጎን ባለው ክፍል ተቀምጠው እየተጨዋወቱ ሳሉ ነው። ትንፋሻቸውን የሚከታተለው ኮምፒውተር ቀይ መብራቱን አብርቶ ነበር፤ የማንቂያው ድምፅ ግን አልወጣም። ፕሮግራሙ የተጫነው በዚያው ሳምንት ነው።

መርማሪዋ ፕሮግራሙ የተሠራበት ቢሮ ድረስ ሄዳ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው፤ አለቃውን፣ ፕሮግራመሩን እና የእሱን ሥራ የምትፈትሸውን ልጅ። ፈታሿ የፕሮግራመሩ ሚስት ታናሽ እህት ናት። የሟቹም ሴት ልጅ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ፈታሿ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም።

«ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ለሆስፒታሉ በላክነው የፕሮግራም ጥቅል ውስጥ አልገባም» አለ አለቃው ወደ ፕሮግራመሩ እየጠቆመ። «ጥፋቱ የእሱ ነው። ከእኛ ጋር ያለው ሥራ አብቅቷል፤ የቀረውን ፍርድ ቤት ይየው።»

ፕሮግራመሩ አልተከራከረም። «የእኔ ኮምፒውተር ላይ ያ ክፍል ድሮ የተጫነ ስለሆነ ጉድለቱ አልታየኝም» አለ።

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ። «እኔ ኮምፒውተር እንቢ ሲለኝ ልጄን የምጣራ ሰው ነኝ፤ እንደ ሕፃን አስረዱኝ። መርሳትማ ማን የማይረሳ አለ? የተረሳውን የሚይዝ ነገር የላችሁም?»

«አለን እንጂ» አለ አለቃው። «ምንም ያልተጫነበት፣ ከሌሎቹ የተነጠለ ባዶ ማሽን አለን። ጥቅሉ ከመውጣቱ በፊት እዚያ ላይ ይሞከራል። ተሞክሯል፤ በሙከራው ጊዜ ከስክሪኑ ላይ ተነሥቶ የታተመው ምስልም ይኸው።»

ምስሉ ላይ «ማንቂያው ይሠራል» ይላል።

«አይቼዋለሁ» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ጠዋት ባለሙያ ይዤ ጥቅሉን ባዶው ማሽን ላይ አስጫንኩት። ድምፅ የለም፤ እሱን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። ጽሑፉ ሁሉ ትንንሽ ሳጥን ሆኖ መጣ። ለካ የእኛ ፊደል ካልተጫነለት ማሽኑ ሊያሳየው አይችልም። ምስሉ ላይ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። እንግዲህ ሙከራው የተደረገው ባዶው ማሽን ላይ አይደለም።»

«ታዲያ የእሱ ኮምፒውተር ላይ ነዋ!» አለ አለቃው።

«የእሱንም የእርስዎንም አየሁ። ሁለቱም ላይ ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ነው። ምስሉ ላይ ያለው ግን ጫፉ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ያለ፣ የሠርግ ጥሪ የመሰለ ነው። እንዲህ ያለ ፊደል የጫነ እዚህ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ...»

«እኔ ነኝ» አለች ፈታሿ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ባዶውን ማሽን እንደ አዲስ ማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጋሼ የጻፈው ተሳስቶ አያውቅም። በራሴ ኮምፒውተር ሞከርኩት፤ ያ ክፍል የእኔም ላይ ድሮ ስለተጫነ ማንቂያው ጮኸ። ባዶው ላይ ሞከርኩ ብዬ ፈረምኩ።»

ፕሮግራመሩ ዞሮ አያት። ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

«እኔ ላይ ሲጮሁብኝ ሰምተሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ «ማታ ቤት መጥተሽ አብረሽን እራት በላሽ?»

አለቃው ምስሉን ወደ ራሱ ስቦ በግንባሩ ደፋው።

የሟቹ ልጅ ከበሩ አጠገብ ተነሳች። «አባባን ትቼ ወጣ ያልኩት ማሽኑ ይጣራል ስላሉኝ ነው» አለች። «ስንት ነው ያልሽው፣ ግማሽ ቀን?»

ፈታሿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«አዎ» አለች። «ግማሽ ቀን።»