ማጣሪያው ላይ የቀረው

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመኝታ ቤቱን ኤሲ አጥፍታ፣ የፊት ክዳኑን ወደ ላይ ከፍታ፣ ወንፊት የመሰለውን የአቧራ ማጣሪያ ስባ ማውጣት የትርሲት የቆየ ልማድ ነው። ባሏ ሲራክ ካረፈ ወዲህ መስኮት ከፍታ መተኛት ስለምትፈራ፣ የድሬዳዋን ሙቀት የምትችለው በዚሁ ማሽን ብቻ ነው። ማጣሪያውን ከማጠቧ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ታራግፈዋለች። ጡረታ እስክትወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስለነበረች፣ ማንኛውንም ነገር ሳታይ መጣል አይሆንላትም። የአንድ ሰው አቧራ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፦ ግራጫ፣ ስስ፣ የአንሶላ ክር የተቀላቀለበት፣ አልፎ አልፎ የራሷ ሽበት ያለበት።

ሰሞኑን ግን አቧራው ወፈረ።

መጀመሪያ ጥፋቱን በሰፈሩ መንገድ ሥራ ላይ አሳበበች፤ የመስኮቱን ክፍተት በፕላስተር አሸገች። በሚቀጥለው እሑድ ማጣሪያው ላይ ያገኘችው እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተደራረበ ነበር። በአጉሊ መነጽር ስታየው ከርዳዳ ጥቁር ፀጉር አለበት፤ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰም አለበት። ጠረኑም የአፈር አልነበረም። ብዙ ሰው በር ዘግቶ ያደረበት ክፍል ጠዋት ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት፣ ለብ ያለ የትንፋሽና የላብ ጠረን ነበር። ማሽኑን ስታጠፋውም ድምፁ እንደ ድሮው ቀስ እያለ አይሞትም። ሞተሩ ጸጥ ካለ በኋላ አየር ወደ ውስጥ የመሳብ ድምፅ ጥቂት ይቀጥላል፤ ከዚያ፣ መሰማቱን ያወቀ ሰው ትንፋሹን እንደሚይዝ ሁሉ፣ በድንገት ይቆማል።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። አዳማ ያለችው እህቷ አልታዬ አብረው እንዲኖሩ አንድ ክፍል አዘጋጅታ ስትለምናት ከርማ፣ በመጨረሻ «እስከ ዛሬ ማታ መልስ ካልሰጠሽኝ አከራየዋለሁ» ብላታለች። ትርሲት የሲራክን ቤት ጥላ መሄድ አልሆነላትም። መቆየቱም አልሆነላትም። ከገበያ ስትመለስ፣ ማንም እንደሌለ እያወቀች፣ ቁልፉን ከማስገባቷ በፊት በሩን ታንኳኳለች።

ማጣሪያው በማጠብ ብዛት ስለተቀደደ፣ አዲስ እንዲያስገባላት ኤሲ ጠጋኙን ሙክታርን ጠራች። በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ከፀሐይ በተደበቀበት ሰዓት መጣ።

«አቦ ትርሲት! ይሄ ማጣሪያ ነው ወይስ የሰርግ ቤት ምንጣፍ?» አለ፣ አሮጌውን አውጥቶ እያገላበጠ። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ተይ እንጂ! ወላሂ፣ ዘጠኝ ልጅ ያለበት ቤት እንኳ እንዲህ አይሞላም። አግብተሽ ሳትጠሪን ቀረሽ ማለት ነዋ!»

ትርሲት ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ውሃ ልታመጣለት ወደ ማድ ቤት ሄደች። ከዚያ ሆና አዲሱ ማጣሪያ ቦታው ሲገባ ቀጭ ሲል፣ ክዳኑ ሲገጠም፣ ማሽኑም ሲነሳ ሰማች። ቀጥሎ ሙክታር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ከሰው ጋር የተጋጨ ይመስል፣ «ይቅርታ» ሲል ሰማችው።

ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። የመሣሪያ ቦርሳው እንደተከፈተ ነው፤ ጫማውን በእጁ ይዟል። ውሃውን አልተቀበላትም። ጀርባውን ወደ መኝታ ቤቱ ላለመስጠት እየተጠነቀቀ፣ የኋሊት እየተራመደ እስከ ውጭው በር ደረሰ። እሷም ልትሸኘው ተከተለችው።

«በሉ፣ ደህና ዋሉ» አለ።

ለዕድሜዋ ብሎ ድንገት ያከበራት መሰላት። ነገር ግን ድሬዳዋ አንቱታ የማይታወቅባት ከተማ ናት፤ ሽማግሌውም «አንተ» ነው፣ አሮጊቷም «አንቺ» ናት። ደግሞ ሊያከብራት ቢፈልግ «ይዋሉ» ይላታል እንጂ «ዋሉ» አይላትም። «ዋሉ» የሚባለው ለብዙ ሰው ነው። የሙክታር ዓይኖችም እሷን አያዩም ነበር። ከትከሻዋ በላይ አልፈው፣ ቤት ሙሉ ሰው እንደሚሰናበት ሁሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር።

ሙክታር ጫማውን ሳያደርግ እየተጣደፈ ሄደ። ትርሲት የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች፤ ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አየር ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ የቀሚሷ ጫፍ ወደ ኋላ ሲጎተት ተሰማት። ከኪሷ ስልኳን አውጥታ ወደ አዳማ ደወለች፤ ነይና ውሰጂኝ ልትላት፣ ዛሬውኑ።

«ትርስዬ፣ ቆረጥሽ?» አለች አልታዬ። «ልምጣ ወይስ ክፍሉን ላከራየው?»

ትርሲት መልስ ልትሰጥ ገና ትንፋሽ ስትስብ፣ ከጀርባዋ፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ቁርጥ የእሷን የመሰለ ድምፅ ቀድሟት «አከራዪው እህቴ፤ እኛ ደህና ነን» አለ።