ለካሣ ያልተሰጠች

ታደለ ምሳር ይዞ የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ማንንም ሰላም ሳይል መሰላሉን ወጣና ከበረቱ ጣሪያ ላይ የታሰሩትን ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች ሰባበራቸው። መስተዋቱ ግቢው ላይ ዘነበ። ታች የቆመችው እህቱ አደይ ግንባሯን ተፈልጣ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

በረቱ የአባታቸው ነበር፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወደ ገዳሙ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር በድንጋይ የተገነባ፣ አርባ ከብት የሚያስገባ። አባትየው ሲሞቱ እርሻውን ለታደለ፣ ቤቱንና በረቱን ከሌላ እናት ለወለዷት ለአደይ ተናዘዙ። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት አደይ በረቱን ከፋፍላ ለገዳም ተሳላሚና ለአገር ጎብኚ ማረፊያ ልታደርገው ተነሣች። የመብራት መስመር እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ መብራቱ ከፀሐይ፣ ውሃው ከጣሪያው ከሚጠራቀም ዝናብ፣ የምግብ ማብሰያው ከእበት ከሚወጣ ጋዝ እንዲሆን አሰበች። ታደለ የአባቱ በረት የመንገደኛ ማደሪያ ሲሆን ቆሜ አላይም አለ። ዋናው ነገር ግን ቦታውን ለራሱ ይፈልገው ነበር።

ሶላሩን የሚተክለው ይሄይስ የደምበጫ ልጅ ነው። ከመጣ ሦስት ሳምንት ቢሆነውም ከአደይ ጋር ስለ ሽቦና ስለ ባትሪ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አውርተው አያውቁም። ያን ዕለት ከነጠላዋ ጫፍ ቀዶ ግንባሯን አሰረላት።

«ሂድ፤ አንተንም ይገድልሃል» አለችው።

«ሌላ ሰሌዳ ይዤ እመለሳለሁ» አላት።

ዓይኗን አላየም። ቋጠሮውን ብቻ ጠበቅ አደረገው።

እንዳለውም ተመለሰ። ሁለት ወር ሙሉ አብረው የጋዙን ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ግድግዳውን ጭቃ መረጉ፣ አሸንዳ ሰቀሉ። እሷ ስትናገር እሱ ሥራውን እንደሚያቆም አስተዋለች። እሱም አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ምን ምክንያት ፈጥሮ እንደሚመጣ እንደጨነቀው ነገራት። አደይ ጉርሻ አቀበለችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ታደለ ከገበያ ጠጥቶ፣ ምሳሩን ይዞ መጣ። ይሄይስ በሩ ላይ ተንበርክኮ ሽቦ ይቀብር ነበር። ምሳሩን ሲያይ ግራ እጁን ቀና አደረገ፤ ምሳሩም እጁ ላይ አረፈ። አደይ አካፋውን አንሥታ ወንድሟን ጉልበቱ ላይ መታችው። ወደቀ። መንጋጋውን መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው፤ አላቆመችም፤ ለሦስተኛ ጊዜ አነሣችበት።

«እሱን ተይው» አላት ይሄይስ ከመሬት። «እኔን ያዥኝ፣ አደይ።»

አካፋውን ጣለች።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሲደርሱ እጁን ማትረፍ አልተቻለም፤ ከአንጓው በላይ ተቆረጠ። ታደለ መንጋጋው ታስሮ ወህኒ ወረደ። ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። የይሄይስ ታላቅ ወንድም ወንዳወቅ ዘመዶቹን አስከትሎ ከደምበጫ መጣ። የታደለን የጤፍ ክምር አቃጠለ፣ ሁለት በሬዎቹን በጥይት ጣለ፣ ከታደለ ዘር አንድ ወንድ ሳልቀብር አልመለስም ብሎ ፎከረ። ያገሬው ሰውም መሣሪያውን ማውጣት ጀመረ።

ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከዋርካው ሥር አስቀመጡ። መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ብዙ ካወጡ ካወረዱ በኋላ፣ ደሙ እንዲደርቅ አደይ ለይሄይስ ትሰጥና ሁለቱ ወገን ይዛመድ አሉ። ሁሉም ደስ አለው። አደይ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይሄይስን እወደዋለሁ። ግን ወንድሜ ለቆረጠው እጅ ምትክ ሆኜ አልሄድም። እንዲያ ከገባሁ፣ በተጣላን ቁጥር በምን እንደመጣሁ እሱም ያስባል፣ እኔም አስባለሁ።»

ይሄይስ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«እኔም በካሣ አልቀበላትም» አለ። «ደሜን ለእግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ።» ወደ ወንድሙ ዞረ። «ጋሼ፣ እጁ የኔ ነው፤ ወደ አገርህ ግባ።»

ወንዳወቅ ተነሥቶ በጥፊ መታው፤ ይሄይስ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ፤ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ወንዳወቅ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወገን ደም ላይፈላለጉ በመስቀል ማሉና ተለያዩ።

ይሄይስ ደምበጫ ገባ። ስምንት ወር ድምፁ ጠፋ። አደይ የቀረውን ሥራ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ጨረሰች። ክረምቱ የውሃውን ታንከር ሞላው፤ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አርፈው፣ አመስግነው ሄዱ። እሷ ግን መንገዱን ማየት አልተወችም። በመጨረሻ ራሷ ወደ ደምበጫ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ይሄይስን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ ውስጥ ሽቦ በጥርሱ ይዞ ሲልጥ አገኘችው።

«ለምን ቀረህ?»

«በእጁ ገዛት እንዳይሉሽ ብዬ» አለ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ማንም አልሰጠኝም። በራሴ እግር ነው የመጣሁት። ታገባኛለህ?»

ሽቦውን ከአፉ አወጣ። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሱቁ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሌሉት ጣቶቹ አሁንም እንደሚያሙት፣ ይህንንም ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ አጫወታት።

«የቱ ጋ ነው?» አለችው።

ከክንዱ ጫፍ ወዲያ፣ ባዶውን አሳያት። አደይ እጇን እዚያ ላይ ዘረጋች። የመመለሻዋ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ አለፋት፤ ቀና ብላም አላየችው።

በጥር ተጋቡ።