ስምንት ቁጥር መደብ

«ለጣቢያችን ሠራተኞች በሙሉ። በቦሎቄው ማሳ ላይ ቆመው ሲያገለግሉ የቆዩት አሥራ ሁለቱ ባለ ቁጥር ችካሎች ለክቡራን እንግዶቻችን ዓይን የማይመጥኑ ሆነው በመገኘታቸው፣ አረንጓዴ ቀለም እስኪቀቡ ድረስ ከዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የተነቀሉ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ችካል ለማገዶም ሆነ ለልብስ ማስጫ ያዋለ በሕግ ይጠየቃል።»

ማስታወቂያው ማኅተም ነበረው፤ ቁጥርና ቀን ነበረው፤ ግልባጩም ለአራት ክፍሎች ደርሷል። በማግስቱ ማለዳ ችካሎቹ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀለማቸው ሳይደርቅ እንደተደረደሩ፣ ከዚያው ማሳ ላይ ሰው ሞቶ ተገኘ። ስለ ሰውየው ማስታወቂያ ያወጣ የለም።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ግን ሰባውን የጨረሰ ይመስላል። የመጣው ከሌላ መዝገብ በቀጥታ ነበርና ቁርስ አልበላም፤ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ስለ ምግብ ማሰብን ካቆመ ደግሞ ዘመን ሆኖታል።

ሟቹ የጣቢያው ተመራማሪ ነው፤ ሁሉም «ዶክተሩ» ይሉታል። በታችኛው ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛው መደብ ጠርዝ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የጀርባ መርጫው እንደታዘለ፣ ቱቦው እጁ ላይ እንዳለ፣ ግንባሩ የመስኖውን ቦይ ሲሚንቶ ተደግፏል። በዙሪያው ያሉት የቦሎቄ ቅጠሎች የዚንክ ውሁድ ደርቆባቸው ነጭ ነጠብጣብ አውጥተዋል። ላየው ሰው፣ ማዳበሪያ ቅጠል ላይ ሲረጭ አዳልጦት የወደቀ ነው። ችግሩ ቁስሉ ከማጅራቱ በላይ መሆኑ ነው። በግንባሩ ወድቆ ማጅራቱን የሚመታ ሰው ኢንስፔክተሩ እስከዚያ ቀን አላጋጠመውም።

ቀድመውት የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን ጨርሰው ነበር የጠበቁት። ውሁዱ ከሚበጠበጥበት ዳስ አንስቶ እስከ መደቡ ድረስ የእጅ ጋሪ ጎማ መሬቱን ሰንጥቆታል። ጋሪውን የሚገፋው አንድ ሰው ነው፤ የማሳው ሠራተኛ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ በቅጽል ስሙ አባ ችካል። አባ ችካል የዶክተሩ አማት ነው። ትናንት ሴት ልጁ ባሏን ተቀይማ ልብሷን በሻንጣ ይዛ አባቷ ቤት ገብታ ነበርና፣ ሽማግሌው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «ልጄን ያስለቀሰ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ማሳ ላይ አይውልም» ብሎ ነበር። አሁን እጁ ታስሮ ዛፍ ሥር ተቀምጧል።

ኢንስፔክተሩ እያቃሰተ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ጋሪው የእርስዎ ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

«የሚገፉትስ?»

«እኔ።»

«ዛሬ ማለዳስ ገፍተውታል?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ሬሳው ያለበትን መደብ አየ፤ ቆየት ብሎ የቤተ ሙከራውን መስኮት አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተከለ። የፈራ ሰው ዓይን አልነበረም። ሸክም ተሸክሞ የት እንደሚያወርደው የቸገረው ሰው ዓይን ነበር። ኢንስፔክተሩ ይህን ልብ ብሎ ተነሳ፤ መነሳቱ ከመቀመጡ የባሰ ነበር።

ወደ ዳሱ ገባ። የሲሚንቶው ወለል ታጥቧል። ጥግ ላይ ያለው የመበጥበጫ ገንዳ ጠርዝም እንደዚሁ፤ የቀረው የዳሱ ክፍል ግን የወር አቧራ ለብሷል። በሩ ላይ በዶክተሩ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ነገ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። 8 ቁጥር ብቻ። ዚንክ።»

የወረቀቱን ትርጉም የነገረችው የቁጥር ባለሙያዋ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «እመት አማካይ» ይሏታል፤ ሦስት ሰው ምሳ ቢጋብዛት እንኳ የሦስቱን አማካይ ነው የምትበላው ይባላል። ሙከራው ቀላል መሆኑን አስረዳችው። ከአሥራ ሁለቱ መደቦች ሦስቱ ዚንክ፣ ሦስቱ ቦሮን፣ ሦስቱ ሁለቱንም ያገኛሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ማነጻጸሪያ ናቸውና ንጹሕ ውኃ ብቻ ይረጭባቸዋል። ባለፈው ሳምንት የመርጫው አፍንጫ ተደፍኖ ስምንት ቁጥር ስለተዘለለ ዶክተሩ ዛሬ ሊያካክስ ነበር።

«ውጤቱስ እንዴት ነው?» አላት።

«በሁለት ዓመት ምርቱ የጨመረው ስድስት በመቶ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ዚንክ ግን በሲሶ አድጓል። ልጅ ለሚያሳድግ ቤት ትልቅ ዜና ነው፤ ለሪፖርት ግን አይሆንም። ፍሬ ውስጥ ያለ ነገር ፎቶ አይነሳም።»

«ሪፖርቱ ምን አለ?»

«ምርቱ እጥፍ ሆነ አለ። ኃላፊያችን ናቸው የጻፉት። ዶክተሩ ደግሞ ነገ ለእንግዶቹ እውነቱን እነግራለሁ ብሎ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ ወስዶ ሬሳው ያለበት መደብ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠየቃት። ችካል ስለሌለ በጣቷ መቁጠር ነበረባት። ጣቷ መሃል ላይ ቆመ።

«አሥራ አንድ ነው» አለች በዝግታ። «ማነጻጸሪያው።»

«ከግራ ሁለተኛው አይደል? የላይኛው ረድፍ ከአንድ እስከ ስድስት ከሆነ፣ የታችኛው ሰባት ብሎ ይጀምርና ይኸኛው ስምንት ይሆናል።»

«በወረቀት ቢሆን አዎ። ማሳ ግን እንደ በሬ ነው የሚቆጠረው። በሬ አንዱን ትልም ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው አይመለስም፤ እዚያው ይዞራል። ስድስት ያለቀው በቀኝ ነው፤ ሰባት ከሥሩ ነው፤ ስምንት ደግሞ ያ፣ ከቀኝ ሁለተኛው።»

«ዶክተሩ ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«እሱ? ማነጻጸሪያ ላይ ዚንክ ከሚረጭ ቢጠጣው ይቀለው ነበር።»

ሚስቱን ቤተ ሙከራ ውስጥ አገኛት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የተቃጠለ የቦሎቄ ፍሬ አመድ በትንሽ ሚዛን ትመዝናለች፤ አታለቅስም፤ እጇ ሥራውን የሚሠራው እሷን ሳያማክር ነው። ኢንስፔክተሩ እንዲህ ያለውን እጅ ስለሚያውቅ ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቃት። ከባሏ ጋር የተጣላችው በዚሁ በእንግዶቹ ጉዳይ እንደሆነ ራሷ ነገረችው፤ እውነቱን ተናግረህ ሁላችንንም ከሥራ ልታስወጣን ነው ብላው ነበር። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቷን ሳትቀሰቅስ ወጥታ እዚህ መጥታለች፤ ምድጃው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መከፈት ነበረበት።

«እዚህ መሆንሽን ማን አይቷል?»

«ምድጃው።»

«ማሳ ትወርጃለሽ?»

«ዓመት አለፈኝ። እኔ የማውቀው የፍሬው ናሙና የሚመጣበትን ከረጢት ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «አባቴን ትወስዱታላችሁ?»

ገና ነው አላት።

«ባሌን ዛሬ አጣሁ፤ እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ይኼ ልጅ ሲወለድ አንድ ወንድ አያት እንኳ ይጠብቀው።»

ኢንስፔክተሩ ምንም ተስፋ አልሰጣትም። ከወጣ በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለጥቂት ጊዜ ግድግዳውን አየ። ሽማግሌው ከእንቅልፉ ሲነቃ የልጁን አልጋ ባዶ አግኝቷል ማለት ነው፤ ማሳ እንደማትወርድም ያውቃል።

ኃላፊው ቢሮውን የከፈተው ከኪሱ ባወጣው ቁልፍ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሐዘኑን እንኳ በአጀንዳ የሚያስኬድ ሰው ነው። ስለ ሟቹ የተናገረው ለሰባት ደቂቃ ሲሆን ሦስቱ ደቂቃ ስለ ራሱ ነበር። ግድግዳው ላይ በመጋረጃ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ተሰቅሏል። ኢንስፔክተሩ ምን እንደሆነ ቢጠይቀው ፊቱ በራ።

«የማሳው ካርታ ነው። ከማተሚያ ቤት የመጣው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው፤ እኔው ሰቅዬ እኔው ቆለፍኩ። ነገ በእንግዶቹ ፊት ነው የሚገለጠው። የሰው ዓይን ገና አላረፈበትም።»

«የእኔ ዓይን ሰው አይባልምና ያሳዩኝ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ካርታው ያምራል፤ በቀለም ያሸበረቀ ነው። ከላይ ከአንድ እስከ ስድስት፤ ከታች፣ ከግራ ጀምሮ፣ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት።

«ከቁጥር ክፍል የመጣው ንድፍ የታችኛውን ረድፍ ገልብጦት ነበር» አለ ኃላፊው። «አርሜ ላክሁት። ዶክትሬት መቁጠር አያስተምርም።»

«ማሳው ላይ ከወረዱ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«የእኔ ሥራ መምራት ነው።»

ኢንስፔክተሩ እውነት ነው ብሎ እርሳሱ የወደቀበት መስሎ ጎንበስ አለ። የኃላፊው ጫማ ከመስተዋት ይልቅ ያብረቀርቃል። በማሰሪያው ክር እጥፋት ውስጥ ግን እንደ ጨው የደረቀ ነጭ ነገር ገብቷል።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ማሳው ራስ ላይ ሰበሰባቸው። ሬሳው ተነስቷል። ቁጥር ያልተጻፈባቸው ሦስት አዲስ ችካሎች አስመጥቶ ለኃላፊው፣ ለእመት አማካይና ለሟቹ ሚስት አደላቸው፤ ተራ በተራ ሄደው ዶክተሩ ዛሬ ማለዳ ሊረጨው በነበረው ስምንት ቁጥር መደብ ላይ እንዲተክሉ ጠየቃቸው። ለአባ ችካል አልሰጠውም። ማሳውን የሸነሸነውን ሰው ስለ ማሳው መፈተን ዓሣን ዋና እንደማስተማር ነው።

ኃላፊው ቀደመ። «ይህም ጥያቄ ሆኖ ነው?» እያለ ችካሉን ከግራ ሁለተኛው መደብ ላይ፣ ደም ካለበት ቦይ አጠገብ ተከለው። እመት አማካይ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዳ ከቀኝ ሁለተኛው ላይ ተከለች። ሁለቱ ችካሎች ተፋጠጡ።

ሦስተኛዋ የሟቹ ሚስት ነበረች። ችካሏን በሁለት እጇ ይዛ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። አባ ችካል ከተቀመጠበት ዛፍ ሥር ግማሽ ተነስቶ ነበር፤ ትንፋሹን መያዙን ኢንስፔክተሩ ከሩቅ አየ። ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የላይኛውን ረድፍ ዳር ይዛ እስከ ስድስት ሄደች፤ እዚያው ዞረች፤ ሰባትን አለፈች፤ ከእመት አማካይ ችካል ጎን ተከለችው።

ሽማግሌው ቁጭ አለ። ፊቱን በታሰረ እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አሁን በዝግታ ልንገራችሁ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ «በፍጥነት የምናገርበት አቅምም የለኝ። ዶክተሩ የሞተው ዳሱ ውስጥ ነው። ተገፍቶ በጀርባው ወደቀ፤ ማጅራቱ የገንዳውን ጠርዝ መታ። የገፋው ሰው ወለሉን አጠበ፤ ሬሳውን በጋሪ አመጣ፤ የተሞላውን መርጫ አሳዘለው፤ ሲሠራ ወደቀ እንዲባልም ጥቂት ቅጠል ላይ ረጨ። ዳሱ በር ላይ ስምንት ቁጥር ይላል፤ እሱም ስምንት ነው ብሎ ባመነበት መደብ ላይ አጋደመው። ችካሎቹ ግን ለቀለም ተነቅለዋል፤ የሚያርመው አልነበረም። ስለዚህ የምፈልገው ማሳውን እንደ ወረቀት የሚቆጥር ሰው ነው።»

«ሬሳው እዚያ ስለነበረ ነው የተከልኩት» አለ ኃላፊው። «ማንም እንደዚያ ያስባል። ስህተት ወንጀል አይደለም።»

«ትክክል። ካርታዎ ግን የተሰቀለው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ሬሳ አልነበረም። ስምንት ቁጥር ከግራ ሁለተኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ካርታውን ሸፍኖ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ማሳ ወርደው እንደማያውቁ ነግረውኛል። የጫማዎ ክር ላይ የደረቀው ዚንክ ታዲያ በአጀንዳ ነው የመጣው?»

ኃላፊው ጫማውን አየ። የጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው ጠበበ።

«ስድስት በመቶ ሊላቸው ነበር» አለ። «እጥፍ ብዬ ፈርሜ። አልመታሁትም፤ ገፋ ነው ያደረግሁት።»

የተከራከረው የለም። ፖሊሶቹ ሲወስዱት እመት አማካይ አሥራ አንድ ቁጥር መደብን ከሙከራው ማውጣት እንደሚኖርባት ተናገረች፤ ማነጻጸሪያው ተበክሏል። የምታለቅሰውም ይህንኑ እያለች ነበር።

ኢንስፔክተሩ ራሱ ሄዶ የሽማግሌውን እጅ ፈታ። ልጁ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ገመዱ የበላውን የእጁን አንጓ ይዛ ታሸው ጀመር።

«አባዬ» አለች። «ገና ስታየው እሱ እዚያ መደብ ላይ ዚንክ እንደማይረጭ አውቀሃል። ማሳውን የማያውቅ ሰው እንዳስተኛው አውቀሃል። አንድ ቃል ብትናገር እጅህን አያስሩህም ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

ሽማግሌው ኢንስፔክተሩን ቀና ብሎ አየው። ኢንስፔክተሩ ጉልበቱን ያሻል፤ ቦሎቄውን ያያል፤ ምንም የሰማ አይመስልም።

«አልነግርሽም» አለ አባ ችካል።

«አባዬ።»

«አልነግርሽም አልኩሽ። ዛሬም፣ ነገም፣ ልጅሽ አድጎ ቢጠይቀኝም አልናገርም።»