ቲነር ቲነር የሚል ደረት

ቀለም ቀቢው ያን ሰሞን ከሳሙና ጋር ግብግብ ገጥሞ ነበር። በሎሚ ታሸ፣ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ተፈተገ፤ ጣቶቹ ተላጡ እንጂ የቲነሩ ሽታ ወይ ፍንክች። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ የምትቆመው ነርስ ደግሞ አፍንጫ ነው የተሰጣት፤ ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ሲል ታውቀዋለች።

«አባት፣ ዛሬም ቲነር ቲነር ትላለህ። እዚህ ያሉት ልጆች ሳንባቸው ገና አልጠናም። ታጠብና ና።»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ልብስህን ቀይር።»

«ይሄም የተቀየረ ነው።»

ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ በሆዱ የሚረግመው ሰው ያገኝ ነበር። አሁን ግን የሚናደድበት ሰው እንኳ አጥቶ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ወደ ውስጥ ያያል። ያለ ጊዜዋ የተወለደችው ልጁ ከወዲያኛው ጥግ፣ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው የተኛችው። ከመዳፉ እምብዛም አትበልጥም ብለውታል፤ እሱ በምን ያውቃል? ከቆመበት የሚታየው ኮፍያዋ ብቻ ነው። እግሯን ያየ ቀን ለሚስቱ ሊያበስር ደረጃውን በሩጫ ይወጣል።

ሚስቱ ከላይኛው ፎቅ ተኝታለች። ደም ግፊቷ አሻቅቦ ነው ልጅቷን በኦፕራሲዮን ያወጡላት፤ ግፊቱ ግን ከዚያም በኋላ አልወርድ ስላለ ሐኪሙ ከአልጋዋ ንቅንቅ እንዳትል አዟል። እናት ልጇን አላየችም፣ አባት አላቀፈም። ወተቱም አኮረፈ። ሚስኪን ጠዋትና ማታ ጡቷን ስታልብ ትውላለች፤ ኩባያው ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ጠብታም ብትሆን ለልጅቷ መድኃኒት ናት» ትላለች ነርሷ በየቀኑ። ሚስቱ ይህን በሰማች ቁጥር ጭንቀቷ ይብሳል፤ በጨነቃት ቁጥር ደግሞ ወተቱ ጭራሽ ይሸሻል።

እናትና ልጅን የሚያገናኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። መውረድ ያልቻለች እናት ንጹሕ ጨርቅ ደረቷ ላይ ታሳድራለች፤ ጠረኗ የገባበት ጨርቅ ሕፃኗ ራስጌ ይደረጋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቁን ከአሮጌ የሌሊት ልብሷ ቆርጣ፣ አልጋ ላይ እንደተኛች ጠርዙን በእጇ ዘመዘመችው። ላኪ እሷ፣ ተላላኪ እሱ። ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ግን አልነበረም፤ ከዚያ ክፍል የወጣ ጨርቅ ሁሉ በቀጥታ ወደ ማጠቢያ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ቀለም ቀቢው ወደ ሥራ ሲቻኮል ጨርቁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ወተፈው። ብሩሽ የሚጠርግበትን ቡትቶ የሚይዝበት ኪስ! ነርሷ ተቀብላ አሸተተችና መለሰችለት።

ደረጃውን ያን ቀን በሩጫ አልወጣም።

«ሌሊቱን ሙሉ ሳልገላበጥ ያሳደርኩት ነው» አለች ሚስቱ። ድምፅዋን ከፍ እንዳታደርግ ታዛለች፤ ቀስ ብላ ስትናገር ደግሞ ይበልጥ ያማል። «እኔ ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ የማደርግላት ሌላ ነገር የለኝም። አንዷን ነገር በቲነር ነከርክብኝ።»

«ረስቼው ነው እኮ።»

«አንተ መቼ ነው የማትረሳው?»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሁለቱም ገብቷቸዋል። የተዋወቁት በእሱ መርሳት ነውና። የእናቷን ልብስ ስፌት ቤት ሲቀባ፣ እሷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ገባችና እሱን እያየች በሩ ላይ ተደገፈች። ቀለሙ አልደረቀም። ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ዐይኗን ሲያይ የሚናገረው ጠፋው።

«ቀለሙ እንዳልደረቀ ልነግርሽ ነበር» አላት ያኔ።

«መቼ? ለልጄ ካወረስኩት በኋላ?»

ቀሚሱን በቲነር ላጽዳልሽ ብሎ ጭራሽ ቀደደው። እሷ ሳቀች፤ እናቷ አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስታገኘው አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ወሽቃ፣ «ይሄ ሽታ ሱስ ሆነብኝ» ትለው ነበር። ያው ሽታ ነው እንግዲህ ዛሬ ከልጁም ከእሷም በር የመለሰው።

ልጃቸውን የሚያስታምሙት አማቱ ከአልጋው አጠገብ ተነሡ። ጥጥ የመሰለ ሌላ ጨርቅ ከልጃቸው እጅ ተቀበሉና፣ «ከእንግዲህ እኔ አደርሳለሁ፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት።

ሥራውን እንዲሠራ! አንዱን ሳሎን ግማሹን ቀብቶ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ጃኬቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተ። የታናሽ ወንድሙን ሸሚዝ ለብሶ፣ ያችኑ መስታወት ተደግፎ ዋለ። መላላክ ቀርቷል፣ መግባት የለም፣ ላይ ቤት ኩርፊያ ነው። ቆሽቱ አረረ። አንድ ጊዜ ግድግዳውን በቡጢ ሊመታ አሰበና ቀለሙ በደንብ ያልያዘና የሚላጥ መሆኑን አይቶ ተወው።

ነርሷ ወጣች። «አባት፣ ልጅቷ ክብደት አልጨምር ብላለች። ገላ ለገላ የሚያቅፋት ሰው እንፈልጋለን።»

«አያቷን ልጥራ?»

«አያቷ ጉንፋን ይዟቸዋል። አንተን ነው የምልህ።» ጠጋ ብላ አሸተተችው። «ልብስህስ ደህና ነው። ፀጉርህ ነው ጉዱ። ፀጉር ሽታ ይይዛል።»

በቀጥታ ፀጉር ቤት ሄደ። ሲመለስ ራሱ ተላጭቷል፣ ጺሙ ተላጭቷል፣ ደረቱም ሳይቀር ተላጭቷል። ፀጉር አስተካካዩ ምን ነካው ብሎ ሳይገረም አልቀረም። ነርሷ ዳግመኛ አሸተተችው፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና በሩን ከፈተችለት።

ወንበር ላይ አስቀምጣ ሸሚዙን አስወለቀችው። ልጅቷን ከነቱቦዋ አንሥታ ደረቱ ላይ አሳረፈቻትና በላይዋ ብርድ ልብስ አለበሰች። ምንም አትከብድም። ትንፋሿ ግን ይሰማዋል፤ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስና ደግሞ ቆም ትላለች። ቆም ባለች ቁጥር እሱም መተንፈሱን ያቆማል።

«አንተ ተንፍስ» አለችው ነርሷ። «እሷ ካንተ ትማራለች።»

ተነፈሰ። ልጅቷ አንድ ጣቷን ዘርግታ የተላጨ ደረቱን ቧጠጠችው። ያን ያህል ቀን የታመቀው ንዴት በዐይኑ ወረደ፤ እጁ ልጅቷን ስለያዘ ሊጠርገው አልቻለም።

የማቀፊያው ሰዓት ሲያበቃ ነርሷ፣ «ገላህን እንዳትታጠብ» አለችው።

«ሲስተር፣ እስከ ዛሬ ታጠብ ስትይኝ ከርመሽ?»

«አሁን ወደ ላይ ውጣ ነው የምልህ።»

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ኮቴውን ሰምታ ዞረች፤ የተላጨውን ራስ ስታይ አፏን ያዘች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ያዝኳት» አለ። ሌላ የሚለው አልመጣለትም። የሸሚዙን ቁልፎች ፈታና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ ነው የተኛችው። እዚህ ጋ ነው ጭንቅላቷ የነበረው።»

 ቀስ ብላ ቀና አለችና አፍንጫዋን እዚያው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ቲነር አለው?» አላት በፍርሃት።

«ዝም በል።»

 ትንፋሿ ደረቱ ላይ ሲመላለስ ይሰማዋል። የልጇን ጠረን ለመጀመሪያ ጊዜ ማግኘቷ ነበር፤ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም፣ ደጋግማ ሳበችው እንጂ።

መጀመሪያ ያዩት አማቱ ናቸው። የልጃቸው የሌሊት ልብስ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ኩባያውን ከኮመዲኖው ላይ አነሡና አቀበሏት፤ ፊታቸውን አዙረው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ጉንፋን ነው አሉ።

የወጣው ወተት የኩባያውን ሥር እምብዛም አልሸፈነም። አማቱ ከደኑትና በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ለቀለም ቀቢው ሰጡት።

«አንተ አድርስ። ያ ጃኬትህስ?»

«ጥዬዋለሁ፣ እማማ።»

«ጎሽ።»

በሩ ጋ ሲደርስ ሚስቱ ጠራችው። «ተመልሰህ ትመጣለህ አይደል? እንዳትረሳ።»

«ምኑን እረሳለሁ?» አለና ወጣ። ሁልጊዜ በሩጫ የሚወጣውን ደረጃ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ።