ቤት የሌለው ባል

እኔ ቢሻሮ፣ አፌ ጠላቴ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ምላስሽ ያዋርድሻል» ትለኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

በጃንሆይ ጊዜ፣ በአርባ ስምንት ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ ላይ የደጫቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ እማር ነበር። ከኋላዬ ዳሂር ይቀመጣል። ጨው መጋዘን እየሠራ እዚያው ጆንያ ላይ የሚያድር ልጅ ነው። ደብተሬን ስረሳ ወረቀት ቀዶ ይሰጠኛል፤ ስዞር ዓይኑን ይሰብራል። ወድጄው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ!

አንድ ቀን መምህር ተማም ሰሌዳው ላይ «ሐዝባንድ» ብለው ጻፉ።

«ባል ማለት ነው። ጥንት ከሁለት ቃል የተገጠመ ነው፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው ነዋሪ። በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው እንደ ማለት።»

አፌ ቀደመኝ። «አቦ! እንግዲያ ዳሂርን ማን ያገባዋል? ቤቱ የጨው ጆንያ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዳሂር ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም።

ጓደኛዬ ሉል ነገረችኝ። «ዓርብ እናንተ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ነበር እኮ! አሁን ትቶታል። ጅቡቲ ሊሄድ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የባሰው ደግሞ፣ በእኛ በሶማሌዎች ወግ የሙሽሮችን ቤት የሚሠራው ወንዱ አይደለም። ቤታችን ከሰሌን የሚቆም ነው፤ ሰሌኑን የሚታቱት የሙሽራዋ እናት፣ አክስቶቿና ራሷ ናቸው። ይህን እያወቅሁ ነው የሳቅሁበት።

መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ዳሂር፣ ወላሂ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

«ስድቡ በሰው ፊት፣ ይቅርታው በጓዳ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። «እንግዲያው ሰኞ ክፍል ና» አልኩት።

ሰኞ እናቴ ለእኔ የታታችውን ሰሌን ተሸክሜ ገባሁ። ዳሂር በሩ ላይ ቆሟል። ፊቴ እየነደደ ተነሣሁ።

«መምህር፣ በእኛ ወግ ቤት የምትሠራው ሙሽራዋ ናት። እያወቅሁ ነው ያፌዝኩበት። የዳሂር ቤት የመጀመሪያው ሰሌን ይኸው።»

ሴት ልጅ በአደባባይ እንዲህ ስትል! ማንም አልሳቀም። ዳሂር መጥቶ የሰሌኑን ጠርዝ ዳሰሰ።

«ዝናብ ያስገባል?»

«ትንሽ።»

«እኔ የጨው ሰው ነኝ፤ እሟሟለሁ» አለና ከኋላዬ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። ይኸው አርባ ዓመት አብረን ኖርን። አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ እኔ ግን ሰው «ባልሽ ደህና ነው?» ሲለኝ ቀድሞ የሚሰማኝ ያ የክፍሉ ሳቅ ነው። ዛሬም አፍራለሁ።